የበሬ ዳሌና የሰው ዳሌ

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው አምስት ሰዎች ነን። ስማችንን አልጽፍም። ስም ሲጻፍ ሰው ዘር ይቆጥራል፣ መንደር ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ እንዲታይ የምፈልገው ሥራው ነው።

አንደኛው እኔ ነኝ። ከቡሬ ከተማ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ላይ በቆሎና በርበሬ የማመርት፣ ወደ ስድሳ የተጠጋሁ ገበሬ ነኝ። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት። አራት ልጆች ወልዳ ሦስቱን ድራለች፤ ከእኔ ጋር ሠላሳ አምስት ዓመት መኖር ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሦስተኛዋ የመጨረሻ ልጃችን ናት፤ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይታ ነርስነት ትማራለች። አራተኛው ታናሽ ወንድሜ ነው። ቤታችን አጥር ለአጥር ነው፤ እኔ ለምለው ሁሉ «ልክ ነው ጋሼ» ይላል። እንዲህ ያለ ወንድም ደስ ይላል እንጂ አይጠቅምም። አምስተኛው ፍኖተ ሰላም ያገኘነው ወጣት ሐኪም ነው፤ እሱ የገባበት ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው።

እኔ በአካባቢያችን ብልት አዋቂ ነኝ። ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለመስቀል ጎረቤቱ ተዋጥቶ በሬ ይገዛና ቅርጫ ይገባል። ሥጋው በቅጠል ላይ በእኩል መደብ ይደረደራል፣ ከዚያ ዕጣ ይጣላል። ብልት የሚያወጣው ሰው ሥራውን ካላወቀ ለአንዱ አጥንት፣ ለሌላው ሥጋ ይበዛበታል፤ በዓሉም በቅያሜ ያልፋል። እኔ ሠላሳ ዓመት ሳወጣ አንድ ሰው መደቡን ትቶብኝ አያውቅም። ምሳር አልነካም። ምሳር የሚያነሣ ሰው መገጣጠሚያው የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ነው።

የፊት እግሩን ከነትከሻው በቢላ ብቻ አነሣዋለሁ። አንድም አጥንት አልነካም፤ የበሬ ትከሻ ከደረቱ ጋር የተያያዘው በሥጋ ነውና። የኋላው ሌላ ነው። የጭኑ አጥንት በላዩ ጫፍ ላይ እንደ ገና ሩር ድቡልቡል የሆነ ራስ አለው። ያ ራስ በዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ፣ በመሐል ባለች አጭር ጅማት ተይዞ ተቀምጧል። ቢላዬን ሰድጄ ያችን ጅማት እቆርጥና እግሩን ወደ ውጭ እገፋዋለሁ። «ቷ» ብሎ ይወጣል። ከበው የቆሙት ሰዎች ያን ድምፅ ሲሰሙ «እሰይ» ይላሉ። እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት ከብት እየጠበቅሁ ከአንድ የቆሎ ተማሪ ነው፤ የቀረውን በራሴ ነው ያነበብኩት። የልጆቼን የሳይንስ መጽሐፍ ከእነሱ ይልቅ እኔ ጨርሼዋለሁ። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም። በራሱ የተማረ ሰው አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ ተሳስተሃል የሚለው መምህር ኖሮት አያውቅም። ስለዚህ ያወቀው ሁሉ እኩል እውነት ይመስለዋል።

ልጄ ነርስነት ስትገባ መጀመሪያ የመጣባት የአጥንት ስም ነበር። «ከወረቀት አትማሪ፤ ከአጥንት ተማሪ» አልኳት። በፋሲካው ቅርጫ ከድርሻዬ ሥጋ ትቼ፣ ቅልጥሙ ሳይሰበር የአንድ ወገን የፊትና የኋላ እግር አጥንት ከነዳሌው እንዲሰጠኝ ለመንኩ። ቀቀልኩት፣ ፋቅሁት፣ በፀሐይ አደረቅሁት፣ እያንዳንዱን በሲባጎ በየቦታው አሰርኩና ከምሰሶው ላይ ሰቀልኩት። ባለቤቴ ለአንድ ሳምንት «ይህ ቤት ነው የጅብ ጉድጓድ?» ስትል ከረመች። ልጄ ግን ታጠና ነበር። እኔ በአርጩሜ እየነካሁ እጠይቃለሁ፣ እሷ ትመልሳለች። ስትሳሳት ከመጀመሪያው አስጀምራታለሁ። በዚያ ሰሞን ጥሩ አባት የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው እረፍቷ ስትመጣ ፊቷ ጠቁሯል።

«ምን ሆነሽ?»

«አስተማሪው የሰው ክንድ ከደረቱ ጋር በምን ይያያዛል ብሎ ጠየቀ፣ አባባ። እጄን አውጥቼ በሥጋ ብቻ ነው አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አሁን ስገባ ስወጣ ‘በሬዋ መጣች’ ነው የሚሉኝ።»

«እነማን ናቸው የሚስቁት? ገበሬ ያላሳደገው አለ እዚያ?»

«አይቆጡ እንጂ። እስኪ እጅዎን ከአንገትዎ ሥር ያድርጉት።»

አደረግሁ። ከደረቴ መሐል ተነሥቶ እስከ ትከሻዬ ጫፍ የተጋደመ ቀጭን አጥንት ከጣቴ ሥር አለ። ስንት ዓመት ቀንበርና ሞፈር የተሸከምኩበት፣ በእጄ ያላየሁት የራሴ አጥንት።

«ሰው እጁን ወደ ጎን የሚዘረጋው ይህ ደግፎት ነው» አለችኝ። «በሬ አይዘረጋም፤ ስለዚህ የለውም። ደግሞ የበሬ የፊት ጉልበት የምንለው በሰው ቢሆን የእጅ አንጓ ነው እኮ፣ አባባ።»

ወንድሜ በዚያ ነበርና የራሱን አንገት ሥር ዳብሶ «ወይ ጉድ፣ እኔም አለኝ!» አለ። ልጄ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። «እሺ፣ በትከሻ ይለያይ ይሆናል፤ ከወገብ በታች ያው ነው» ብዬ ተነሣሁ። ከዚያ ላይ ቆሜ ማሰብ ነበረብኝ። በአንድ ቦታ የተሳሳተ ሰው ሌላውንም መመርመር አለበት፤ እኔ ግን ስሕተቴን እንደ አንዲት የጠፋች ዶሮ ቆጥሬ ቀሪዎቹን ሳልቆጥር ተኛሁ።

ኅዳር ላይ በርበሬያችን ተለቅሞ በድንጋዩ አውድማ ላይ ተሰጥቶ ነበር። የማይጠበቅ ዝናብ መጣ። ዝናብ የነካው በርበሬ ሻጋታ ያወጣል፤ ቡሬ ገበያ የሚያነሣው የለም። ስለዚህ ቤተሰቡ ሁሉ ሮጠ። ባለቤቴ አንድ ጆንያ አቅፋ ስትመለስ እርጥብ ድንጋይ አንሸራተታትና በቀኝ ጎኗ ወደቀች። ጆንያውን አልለቀቀችም። ሮጬ ስደርስ መጀመሪያ ያለችኝ «በርበሬው አልፈሰሰም» ነው።

በዱላ ተደግፋ፣ እያነከሰች፣ በራሷ እግር ቤት ገባች። ልጄ ያን ጊዜ ቤት ነበረች፤ በጸጥታው ችግር መንገዱ እየተዘጋ ትምህርቱ ቆሞ ነበር። እናቷን አጋድማ ሁለቱን እግር ጎን ለጎን አስተካከለችና ተረከዝ ከተረከዝ ለካች። ብሽሽቷን በጣቷ ስትጫን ባለቤቴ ጥርሷን ነከሰች።

«አባባ፣ የቀኙ ትንሽ አጥሯል። ጣቶቹም ወደ ውጭ ዞረዋል። ስብራት ሊሆን ይችላል፤ ዛሬውኑ ፍኖተ ሰላም እንውሰዳትና ራጅ ትነሣ።»

«የተሰበረ እግር ይቆማል? ቆማ እኮ ነው የመጣች።»

«የጭን አጥንት አንገት ከሆነ፣ ተሰብሮም እርስ በርሱ ተነካክሶ ሊቆም ይችላል።»

«የምን አንገት?»

መጽሐፏን አምጥታ ገለጠችልኝ። በሥዕሉ ላይ የጭኑ አጥንት ራስ ከግንዱ ራቅ ብሎ፣ በረጅም አንገት ላይ እንደ ተቆለመመ የከዘራ እጀታ ተቀምጧል። እኔ ተነሥቼ የበሬውን አጥንት ከምሰሶው አወረድኩ።

«ይኸው። አንገቱ የታል? አሳዪኝ።»

በበሬው ላይ ራሱ ከግንዱ ጋር ተጣብቆ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። አንገት የሚባል ቢኖርም ከአውራ ጣት አይበልጥም።

«የበሬ እንዲህ ነው፤ የሰው ረጅም ነው፣ አባባ። ሰው በሁለት እግሩ ስለሚቆም ነው።»

«ሥዕል ሠሪ የፈለገውን ያህል ያስረዝማል። እኔ በእጄ ያየሁትን ነው የምናገረው። ይህ ውልቃት ነው። በሬ ጭቃ ላይ እግሩ ሲበረገድበት አይቻለሁ፤ እግሩ ያጥራል፣ ይዞራል። ያው ነው።»

ወንድሜ «ልክ ነው ጋሼ» አለ።

ባለቤቴ ከተጋደመችበት ቀና ብላ ሁለታችንንና አጥንቱን አየች። «እኔን ደግሞ ለስንት መደብ ልታወጣኝ ነው?» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ልጄም ሳቀች። ያ ሳቅ ጎዳን፤ ከሳቅን በኋላ ጉዳዩ የቀለለ መሰለ።

ልጄ ግን አልተወችም። «ዛሬ መንገዱ ክፍት ነው፤ መኪና ሲያልፍ ከገበያ የመጡት ነግረውኛል» አለች። መንገዱ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል። «ሄደን ቢዘጋብንስ? በሰው አገር ታማሚ ይዘን የት እንገባለን?» አልኳት። ይህ ምክንያት ለሰማው ሁሉ ትክክል ነበር። ጎረቤቱም ተቀበለው። ያን ቀን የፈራሁት ግን መንገዱን አልነበረም። ፍኖተ ሰላም ደርሰን ሐኪሙ ልጄ ያለችውን ቢደግመው በገዛ ቤቴ ምን ሆኜ እመለሳለሁ የሚለውን ነበር የፈራሁት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ሁለት ቀን በቅቤ አሸናት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት «እመልሰዋለሁ» አልኩ። ወጌሻ ይጠራ ያለ ሰው ነበር፤ እኔ ከወጌሻው ይልቅ መገጣጠሚያ አውቃለሁ አልኩ። ወንድሜ ከብብቷ ሥር በጋቢ አቅፎ ያዛት። እኔ ቁርጭምጭሚቷን ያዝኩ። ልጄ መሐል ገባች።

«አባባ፣ በእግዚአብሔር ይተዉት! ስብራት ከሆነ ይለያያል።»

«ወይ ያዢ ወይ ውጪ።»

ባለቤቴ እጇን ያዘቻትና «ነይ ራሴን ያዢልኝ፤ አባትሽ ካልጎተተ አይተኛም» አለቻት። ልጄ ተንበርክካ የእናቷን ራስ ያዘች። አይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም።

«ጋሼ፣ ልያዝ?»

«ያዝ!»

ጎተትኩ። ወደ ውስጥ አዞርኩት። እንደገና ጎተትኩ። «ቷ» አለ።

ባለቤቴ የጮኸችውን ጩኸት አልጽፈውም። ወንድሜ ግን ላቡን እየጠረገ «ገባ! ሰማችሁ? ገባ እኮ!» አለ። በር ላይ የቆሙት ጎረቤቶችም «እሰይ፣ እሰይ» አሉ። እኔም «ገባ» አልኩ። ያን ድምፅ ከማንም በላይ አውቀዋለሁና።

በኋላ፣ ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ፣ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ ነው የገባኝ። ያን ድምፅ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰማሁት አጥንት ሲለያይ ነው። አንድ ቀን እንኳ ሲገጥም ሰምቼው አላውቅም። በሬ ተመልሶ አይገጠምማ።

ከሰዓት በኋላ እግሯን ከመኝታው ላይ ማንሣት አቃታት። ጣቶቿ ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ ዞረው እግሯ ተጋድሟል። ልጄ መጥታ እንደገና ተረከዝ ከተረከዝ ለካች። ምን ያህል እንዳጠረ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በማግስቱ የቅርጫ ጓደኞቼ ስምንት ሆነው በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ ተሸከሟት። መንገዱ ክፍት ነበር። ሚኒባሱ የኋላውን ወንበር ለቀቀልንና ፍኖተ ሰላም ደረስን።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ከመጨረሻዋ ልጄ ብዙም አይበልጥም። ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አሳየን። እዚያ ላይ አንገቱን አየሁት። ረጅም ነው። በመሐሉ ተቆርጦ ራሱ በጎድጓዳው ውስጥ ብቻውን ቀርቷል፤ ግንዱ ወደ ላይ ሸሽቷል። ልጄ መጽሐፍ ላይ ያሳየችኝ ሥዕል ምንም አልተጋነነም።

«ማነው የጎተታት?» አለ ሐኪሙ።

ወንድሜ ከኔ ቀደመ። «አንድ የሩቅ ወጌሻ ነው ዶክተር፤ አልፎ ሲሄድ ነው፤ አናውቀውም።»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ወጌሻ ነዎት?»

«አይደለሁም። ብልት አዋቂ ነኝ። የበሬ።»

ሐኪሙ ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር። ወረቀቱን አስቀመጠና ወንበር ስቦ ከፊቴ ተቀመጠ። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ዶክተር» አልኩት፤ በዕድሜ ልጄ ቢሆንም አንቱ አልኩት። «የተሰበረው ስትወድቅ ነው ወይስ ስጎትታት?»

«ስትወድቅ ነው የተሰበረው፣ አባቴ። ግን ተነካክሶ በቦታው ነበር። በዚያው ዕለት ብትመጣ በብሎን አሥረነው ሊድን ይችል ነበር። የለያየው ጉተታው ነው። ለአጥንቱ ራስ ደም የሚደርሰው በአንገቱ በኩል ነው፤ አሁን ያ ተቋርጧል። ራሱ ይሞታል። ከእንግዲህ በብረት መተካት ነው ያለው፤ እሱ ደግሞ እዚህ አይሠራም፤ ባሕር ዳር ነው።»

ልጄ ለእናቷ ቀስ ብላ እያስረዳች ነበር። ኮሪደር ላይ ለብቻዋ አገኘኋትና «ለምን አልጮህሽብኝም?» አልኳት።

«ጮኼ ነበር፣ አባባ» አለች።

ባሕር ዳር ለመሄድ ወረቀት ተጻፈልን። ገንዘብ ልናሰናዳ ይዘናት ቤት እንደ ገባን መንገዱ በእውነት ተዘጋ፤ አምስት ሳምንት። ሲከፈት መኪና አናገርኩ፣ ስንቅ አሰናዳሁ፣ ባለቤቴን «ተነሺ» አልኳት። እሷ አልተነሣችም።

«በቃኝ» አለች። «ሌላ ሰው እንዲጎትተኝ አልፈልግም።»

«አይጎትቱሽም፣ እነሱ የተማሩ ናቸው።»

«አንተም የተማርክ መስሎህ ነበር።»

የተናገረችው በቁጣ አይደለም። ደክሟት ነበር። ልጄ ለመነቻት፣ የንስሐ አባታችን መጥተው መከሯት፣ ወንድሜ አለቀሰባት። «እግዚአብሔር በሰጠኝ እግር እሄዳለሁ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሰው ላጠፋው ጥፋት ካሣ ሊከፍል ሲመጣ ተበዳዩ የመቀበል ግዴታ የለበትም። ይህን ቀድሞ አላውቅም ነበር። በቀሪ ዕድሜዬ ለልጆቼ የምመክረው ምክር ካለ ይህ ነው፤ ኋላ ካሣ እከፍላለሁ ብላችሁ ለጥፋት አትድፈሩ።

ሦስት ወር ተኛች። ልጄ ገላበጠቻት፣ አጠበቻት፣ ጀርባዋ እንዳይቆስል ጠበቀቻት። ትምህርቱ ሲከፈት አልሄደችም። ከዚያ ባለቤቴ በምርኩዝ ተነሣች፤ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፣ እስከ በሩ፣ እስከ አጥሩ። ትሄዳለች። መሄዷን በየቀኑ አያለሁ፣ በየቀኑም አመሰግናለሁ፤ ግን እንዴት እንደምትሄድ አያለሁ።

ዋጋው ሲደመር ይህ ነው። የባለቤቴ ቀኝ እግር ሁለት ጣት ተኩል አጥሯል፤ ቤተ ክርስቲያን መስገድ አትችልም፤ ሌሎቹ ሲሰግዱ እሷ ቆማ ታለቅሳለች። ልጄ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ቀርታለች፤ አብረዋት የገቡት ሊመረቁ ነው። ወንድሜ በዚያ ዓመት የእኔን ማሳ ሲያርስ የራሱን ግማሽ ጦም አሳድሯል፤ እስካሁን አንስቶብኝ አያውቅም። ሐኪሙን ያስከፈልነው አንድ ሰዓት ነው፤ ያን ሰዓት አሁንም ድረስ ያስታውሰው እንደሆነ አላውቅም። እኔን በፋሲካ ብልት አውጣ ብለው ጠርተውኝ ነበር፤ ሌላ ሰው ፈልጉ አልኩ፤ ስለዚህ ባለፈው ቅርጫ መደቡ አልተስተካከለም፣ ሁለት ጎረቤቶች ተቀያይመዋል።

የቀረው የሁላችንም ነው። ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነበር። አሁን ማንም ቀድሞ አይሄድም፤ ከእሷ ኋላ ተሰልፈን እንሄዳለን። አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል።